ማቃጠል ወይስ ስፖንጅ፦ በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ደምን ማቆምና ጠባሳ

ታላቅ እህቴ በሐዋሳ የወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል። በሐይቁ ዳር ስንሄድ የጠየቀችኝ ስለ ስፌቱ አልነበረም፤ «ደሙን በምን ያቆሙታል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። በነርቩ ሽፋን ዙሪያ ተጠራቅሞ የቀረ ደም ይረጋል፤ ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎች ይገቡበታል፤ ውሎ አድሮም ነርቩን የሚያጣብቅ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው መንገድ ባይፖላር የሚባለው፣ የደም ሥርን በኤሌክትሪክ ሙቀት አቃጥሎ የሚዘጋ መቆንጠጫ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በመቆንጠጫው ሁለት ጫፎች መካከል ስለሆነ ቀጭኑን የደም ሥር ሲዘጋ ሙቀቱ ወደ ጎን ብዙ አይዛመትም። ደሙ ወዲያው ይቆማል፤ ባዕድ ነገርም አይቀርም። ነገር ግን ማቃጠሉ ሲበዛ በነርቩ ሽፋን ላይ ያለውን ስብ ያጠፋል። ያ ስብ ጡንቻውን ከሽፋኑ የሚለይ የተፈጥሮ ትራስ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእርሱ መጥፋት ነው።

የጄላቲን ስፖንጅ አያቃጥልም። ደም መጥጦ ለመርጋት መደገፊያ ይሆናል፤ ምንጩ በውል ለማይታይ ዝግ ያለ መድማት ይመቻል። ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ያሟሟዋል። ሆኖም ፈሳሽ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጠባቡ የአከርካሪ ቦይ ውስጥ ከቀረ ነርቭን ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ደሙ እንደቆመ በጨው ውኃ አርሶ በቀስታ ማውጣት ይገባል።

እኔ ለእህቴ የምመርጠው ጎልቶ ለሚደማው ሥር ብቻ አጭር የባይፖላር ንክኪ፣ ለቀረው ስፖንጅና ትዕግሥት ነው። እርሷም «በተቻለ መጠን ስቡን ይተዉልኛል?» ብላ ሐኪሟን ልትጠይቅ ወስናለች።