የማሳመኛ ስልቶችን የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ፦ ስለ ማስታወቂያ ጠንካራ፣ ስለ ክርክር ደካማ

የምገመግመው በማስታወቂያና በዕለት ተዕለት ክርክር ውስጥ የሚሠራባቸውን የማሳመኛ ስልቶች በቪዲዮ የሚያስተምር አንድ የኦንላይን ኮርስ ነው። የአዘጋጁን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በዚህ ዓይነት ኮርሶች ዘንድ የተለመዱ ስለሆኑ፣ አንባቢ የትኛውንም ሲመርጥ ሊመዝንባቸው ይችላል። ኮርሱ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ስለ ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው ስለ ክርክርና ድርድር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለተከፈለበት ገንዘብ የሚመጥን ሲሆን ሁለተኛው ግን አይመጥንም።

ከሁሉ የላቀው ትምህርት፣ በመጀመሪያ ያየነው ቁጥር በኋላ የምንሰጠውን ግምት እንዴት እንደሚጎትተው የሚያስረዳው ነው። አስተማሪው የሚነሡት ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙት ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር በሰዎች ፊት ያሽከረክሩ ነበር፤ መንኮራኩሩ ግን አስቀድሞ ስለተበጀ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ ይቆማል። ከዚያም ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት መካከል የአፍሪካ አገሮች ድርሻ በመቶ ስንት እንደሚሆን ጠየቋቸው። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን የ65ቱ ግን 45 ሆነ፤ ከጥያቄው ጋር አንዳች ዝምድና የሌለው ቁጥር ያን ያህል ልዩነት አመጣ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የትም የሚገኝ ነው ባልሁ ነበር። አስተማሪው ግን ቀጥለው አንድ የሽያጭ ገጽ ይከፍቱና ያንኑ አሠራር በዝርዝር ያሳያሉ፦ የተሰረዘው ዋጋ ለምን ከላይ እንደሚቀመጥ፣ ተሰርዞም ቢሆን ለምን በግልጽ እንዲነበብ እንደሚደረግ፣ ገዢው «ይቆጥባል» የተባለው መጠን ከሚከፍለው ይልቅ ለምን ጎልቶ እንደሚጻፍ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያስታውቅ ነጋዴ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያሳይ የሚያስገድድ ደንብ መውጣቱንም ያነሣሉ፤ ይህ ደንብ የተሰረዘው ዋጋ እውነተኛ እንዲሆን እንጂ እንዳይጻፍ አይልም፤ ልዩነቱም ወሳኝ ነው።

እውነት የሆነ ነገር ተናግሮ ሰውን ማሳሳት እንደሚቻል የሚያሳየው ትምህርትም እንዲሁ ጥሩ ነው። ምሳሌው ክላውድ ሆፕኪንስ የተባለው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ለሽሊትዝ ቢራ የሠራው ዘመቻ ነው፤ ማስታወቂያው ጠርሙሶቹ በእንፋሎት እንደሚታጠቡ ይናገር ነበር፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም ሌሎቹም ጠማቂዎች ያንኑ ያደርጉ ነበር። አንድም ሐሰት ሳይነገር፣ አንባቢው ይህ የአንዱ ፋብሪካ ብቻ ጥንቃቄ ነው ብሎ እንዲደመድም ተደርጓል። ስለ መደጋገም የሚናገረው ትምህርት አጭርና በቂ ነው፤ ብዙዎች ወደውታል የሚለው ማስረጃ ስለሚያሳድረው ጫና የሚያወሳው ደግሞ ከሚገባው በላይ ተለጥጧል።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። እዚህ ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ በ1978 ያሳተሙት የፎቶኮፒ ጥናት ይቀርባል። አንድ ሰው፣ ማሽኑን ሊጠቀም የተሰናዳን ሌላ ሰው ቅድሚያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ጥያቄው አምስት ገጽ ብቻ የማንሣት ሲሆን፣ ያለ ምክንያት ሲጠየቁ 60 በመቶዎቹ ፈቀዱ፤ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል፣ ምንም ያልጨመረ ምክንያት ሲሰጣቸው ግን 93 በመቶ ደረሱ። ኮርሱ ከዚህ ተነሥቶ «ምክንያትዎ ምንም ይሁን፣ ብቻ ምክንያት ይስጡ» ሲል ይመክራል። የጥናቱን ሌላኛውን ግማሽ ግን ጨርሶ አያነሣውም። ጥያቄው ወደ 20 ገጽ ከፍ ሲል ያ ባዶ ምክንያት ምንም አልፈየደም፤ ከሱ ጋርም ሆነ ያለ እሱ የፈቀዱት 24 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የሚቸኩል መሆኑን የተናገረው፣ ማለትም እውነተኛ ምክንያት ያቀረበው ግን 42 በመቶ አገኘ። ስለዚህ ጥናቱ የሚያሳየው ሰዎች ነገሩ ቀላል ሲሆን ምክንያቱን ሳይመረምሩ እንደሚያልፉ፣ ዋጋ የሚያስከፍላቸው ሲሆን ግን ይዘቱን እንደሚመዝኑ ነው። ይህ ከኮርሱ ምክር ጋር ይቃረናል፤ ድርድር ደግሞ በአብዛኛው ዋጋ በሚያስከፍል ጉዳይ ላይ የሚደረግ ነገር ነው።

ኮርሱ አሜሪካዊው የገበያ አጥኚ ጄምስ ቪካሪ በ1957 ፊልም መሐል ዓይን በማይዘው ፍጥነት መልእክት በማሳየት የፈንዲሻና የኮካ ኮላ ሽያጭ ጨመረ ያለውን ወሬም እንደ ተረጋገጠ እውነት ይተርካል። ቪካሪ ራሱ በ1962 የሚረባ በቂ መረጃ እንዳልነበረው አምኗል። ስለ ማሳመን የሚያስተምር ሰው ይህን አለማወቁ ያስገርማል፤ አውቆ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

የአመክንዮ ሕጸጾችን፣ ማለትም ትክክል የሚመስሉ የክርክር ስሕተቶችን የሚዘረዝሩት ትምህርቶች ደግሞ ለተማሪው ስም ይሰጡታል እንጂ መመዘኛ አይሰጡትም። በአንድ የማሳያ ቪዲዮ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መድኃኒት ይከራከራሉ። አንደኛው «ሐኪሜ አይስማማህም ብሎኛል» ሲል ሁለተኛው «ይህ በባለሙያ ስም መከራከር ነው፤ ተሸንፈሃል» ይለዋል፤ አስተማሪውም ያደንቁታል። ሐኪም ስለ መድኃኒት የተናገረውን መቀበል ሕጸጽ አይደለም። መጠየቅ የነበረበት ሐኪሙ ሕመምተኛውን መርምሮ ነው ወይ፣ ጉዳዩስ ከሙያው ጋር ይገናኛል ወይ፣ ሌሎች ሐኪሞችስ ምን ይላሉ የሚለው ነው። በሽቱ ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ዝነኛ ሯጭ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እግሩ ስለ አፍንጫው አይመሰክርም። ተናጋሪውን የሚመለከት ነቀፌታም እንዲሁ ነው፤ ስለ አንድ ዕቃ ጥሩነት የሚመሰክረው ሰው ከአምራቹ ክፍያ እንደሚቀበል መጠቆም ስድብ ሳይሆን ለፍርድ የሚያስፈልግ መረጃ ነው።

እኔ ስልቱን በስልትነቱ አልነቅፍም። ሁለት መቀመጫ ብቻ ቀርቶ ከሆነ «ሁለት ቀርቷል» ማለት ለገዢው የሚጠቅም ወሬ ነው። የኮርሱ የራሱ መሸጫ ገጽ ላይ ግን ቅናሹ ሊያበቃ የቀረውን ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ገጹን ዘግቶ እንደገና ለሚከፍት ሰው ሰዓቱ ከመነሻው ይጀምራል። ተጨማሪ የጥቅል ግዢ ሲቀርብም እምቢታን የሚገልጸው ብቸኛው አዝራር «አይ፣ መሸወዴን እመርጣለሁ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንዲህ ያለውን አሠራር በዝርዝር ተንትኖ የነቀፈው ሆኖ ሳለ፣ ገጹን የሠሩት ሰዎች ትምህርቱን ያዩት አይመስልም።

በአገልግሎት በኩል ቅሬታዬ ጥቂት ነው። ድምፁ የጠራ ነው፤ ቪዲዮዎቹ በዝግተኛ ኢንተርኔትም ይሠራሉ፤ ለላክሁት ጥያቄ የተሰጠኝ መልስ ትሁትና የተሟላ ነበር። ስለ ማስታወቂያ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ጥቅል መግዛት የለበትም፤ የመጀመሪያው ክፍል ለብቻው በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣል። ይህ አማራጭ ግን በዋናው የሽያጭ ገጽ ላይ አይታይም፤ «ተደጋጋሚ ጥያቄዎች» በሚለው ሥር፣ ከመጨረሻዎቹ መልሶች በአንዱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።