የመምቻ ስንጥቅ ወይስ የልባጥ ጉድለት?

የአሜሪካ ፔኒ (የአንድ ሴንት ሳንቲም) እ.ኤ.አ. በ1982 ከመዳብ ቅይጥ ወጥቶ በስስ መዳብ የተለበጠ ዚንክ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በላዩ በተቀረጸው በፕሬዚዳንት ሊንከን ፊት ላይ የሚታይ ቀጭን ጉብታ መስመር ከሁለት ምንጮች ሊመጣ ይችላል።

የመምቻ ስንጥቅ የሚፈጠረው ሳንቲሙን የሚመታው ብረት በተደጋጋሚ ምት ሲሰነጠቅ ነው። የሳንቲሙ ማዕድን ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ፣ ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ ወይም ከፊደል ተነሥቶ እንደ ደም ሥር እየተጣመመ የሚሄድ፣ ድፍን መስመር ይቀራል።

የልባጥ ጉድለት ግን ከመዳቡ ሥር ከታፈነ አየር የሚመጣ እባጭ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ አንዳንዴም ተሰንጥቆ ግራጫውን ዚንክ ያሳያል። አንድ ጊዜ ከሊንከን አገጭ ሥር ያገኘሁትን መስመር ስንጥቅ ነው ብዬ ለብቻው አስቀምጬ ነበር፤ በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብዬ ስነካው ግን ስርጉድ አለ። ይህ ፈተና ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ሳንቲሙን ሊያበላሽ ስለሚችል ዋጋ ያለው በሚመስል ፔኒ ላይ አይሞከርም። ለእንዲህ ዓይነቱ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ከጎን የሚበራ መብራት ይሻላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስተማምነው ድግግሞሽ ነው፤ አንድ መምቻ ብዙ ሳንቲም ስለሚመታ ስንጥቁ በሌሎች ፔኒዎች ላይ በዚያው ቦታ ይገኛል፣ እባጭ ግን በየሳንቲሙ ይለያያል።

የ1982 ፔኒ ከሆነ መጀመሪያ ይመዘን፦ 3.11 ግራም ከመዘነ ልባጥ የለውም፣ 2.5 ግራም ከሆነ ሁለቱም ይቻላሉ። ስሕተት ያለባቸውን ሳንቲሞች ለሚሰበስብ ሰው ስንጥቁ፣ በተለይ ትልቅ ከሆነ፣ መቀመጥ ይገባዋል፤ እባጭ ያለበት ፔኒ ግን ለመማሪያ ካልሆነ በቀር ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሴንት አያልፍም።