ጣና ዳር የጀመረው የጂፒኤስ ፍለጋ ጨዋታ፦ ዛፉ ሥር ክቡን አስፉት

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼን የት ልውሰድ ለምትሉ፣ ወጣቶች ጣና ዳር የጀመሩትን የስልክ ፍለጋ ጨዋታ ሞክሩት። ለአራት ሰው ቡድን 400 ብር ነው። ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ በጂፒኤስ፣ ማለትም ከሳተላይት በሚመጣ ሲግናል ቦታን በማወቅ ነገር፣ ጥብቅ ነኝ፤ ይህንንም ያየሁት በዚያው ዓይን ነው።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቀስቱን ተከትላችሁ ቦታው ስትደርሱ ጥያቄ ይከፈታል። መልሱ እዚያው ፊታችሁ ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ነው። አሜሪካ ለሲቪል የሚለቀቀውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብላ ታዛባ ነበር። ሜይ 2 ማዛባቱን አቆመች። በማግስቱ አንድ ሰው ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሌሎች አሳወቀ፤ ጂኦካሺንግ የሚባለው የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ከዚያ መጣ።

እነዚህ ልጆች ካርታውን አስቀድመው ይጭኑላችኋል። ስልኩ ሲግናሉን እንደ ሬዲዮ ስለሚቀበል ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያስደሰተኝ የቦታ አመራረጣቸው ነው። ሰማዩ ክፍት ሆኖም ስልክ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ሐይቅ ዳር አምስት ሜትር ማለት ቀስት የሚከተል ልጅ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄ የሚከፈትባቸውን ነጥቦች ከውሃው አርቀዋል። አባይ ከጣና የሚወጣበትንማ ጉማሬ ስላለ ጭራሽ አልነኩትም። ጊዮርጊስ ጋም ነጥቡ ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ቅዳሴ የሚረብሽ የለም።

ከጥያቄዎቹ የወደድኩት ታንኳ ከሚሠሩ አባት ዘንድ ያለውን ነው። ደንገሉ ስንት ቦታ እንደታሰረ መቁጠር አለባችሁ። ልጄ «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ልቁጠር?» አለቻቸው። እሳቸውም ታንኳውን ገልብጠው ማሰሪያውን አንድ በአንድ አሳዩዋት።

ዋርካው ሥር ግን ተቸገርን። ቅጠሉና ግንዱ ሲግናሉን ስለሚያዳክሙት ቀስቱ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ሐይቁ ይዘላል። «ደርሳችኋል» ይልና ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ «ወጥታችኋል» ይላል። አስተባባሪውን ስልኩ «ደርሳችኋል» የሚልበት ክብ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ስምንት ነው ጋሼ። ከሰፋ በጣም ይቀላል ብለን ነው።»

«ዛፍ ሥር ሃያ አምስት አድርጉት፤ ክብደቱን ጥያቄው ላይ ጨምሩ።»

ወዲያው ስልኩ ላይ ጻፈው።

ፎቅ አጠገብ ያለው ነጥብ ግን መነሳት አለበት። ሲግናሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ፣ ስልኩ ከመንገዱ ማዶ ያላችሁ ይመስለዋል። ልጆች ዓይናቸውን ስልክ ላይ ተክለው ባጃጅ በሚበዛበት አስፋልት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ይህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሚተው ነገር አይደለም።

ቀድሞ ለደረሰ ተጨማሪ ነጥብ መስጠታቸውም አልተመቸኝም። ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ብትይዙ እኩል አያሳዩም። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበሉት አዳዲስ ስልኮች ፎቅና ዛፍ ባለበት ይሻላሉ፤ ውድ ስልክ ያለው ቡድን ደግሞ ገና ሳይሮጥ ቀደመ ማለት ነው። ነጥቡ ለመልሱ ብቻ ይሁን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ፀሐይ ሳይበረታ ትጨርሳላችሁ። ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ስክሪኑም ጂፒኤሱም አብረው ሲሠሩ ባትሪ ይበላሉ፤ አዘጋጆቹ ያላቸው ፓወር ባንክ ደግሞ ለሁሉም ቡድን አይበቃም።