ኪስ ውስጥ ተኝቶ የሚዶለዱም ሰንጢ፦ የሸፊልድ ላምብፉት ከወራት በኋላ

ነገሩን ሳላዞር ልንገራችሁ። ይህ ላምብፉት የሚባል የኪስ ሰንጢ ሲከፈት አንደኛ ነው። ሲቆርጥም አንደኛ ነው። ሲዘጋ ግን ስለቱ ከገዛ ሞላው ጋር ይጋጫል። ቢላ ሥራ ላይ ቢዶለዱም ይገባኛል። ሥራ ፈትቶ፣ ኪሴ ውስጥ ተኝቶ ሲዶለዱም ግን ምን ይባላል?

የማወራው መቆለፊያ ስለሌለው የድሮ የኪስ ሰንጢ ነው፤ ስሊፕ ጆይንት ስለሚሉት። እጀታው ጀርባ ላይ ረጅም የብረት ሞላ አለ። ሞላው የስለቱን ሥር ተጭኖ ይይዛል። ተከፍቶም ተዘግቶም ቦታው ላይ የሚያቆየው ያ ግፊት ብቻ ነው። በጥፍር ሳብ ታደርጉታላችሁ፣ ይከብዳል፣ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል። የዚህ ድምፅ ሱስ የያዘው ሰው በቀን ስንቴ ያለ ምክንያት እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ባለቤቴን ጠይቋት።

እዚህ እንግሊዝ አገር ደግሞ አለመቆለፉ ትልቅ ነገር ነው። ስለቱ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ሰንጢ ምክንያት ሳትሰጡ ኪሳችሁ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1988 ነው። የሚቆለፈውን ግን ፍርድ ቤት በ1993 ከዚህ ፈቃድ ውጭ አድርጎታል፤ እሱን ለመያዝ በቂ ምክንያት ማስረዳት አለባችሁ። ሰው ለመጉዳት ከታሰበበት ደግሞ ትንሽ ትልቅ፣ ተቆለፈ አልተቆለፈ የለም፣ ወንጀል ነው። እኔ የምፈልገው ካርቶን መክፈቻና ብርቱካን መላጫ ስለሆነ ሕጉ ልክ ለእኔ የተሰፋ መሰለኝ።

ሐበሻ ግን ሕግ አይሰማም። ከቅዳሴ በኋላ ብርቱካን ልልጥ ሳወጣው አንዲት እናት "ውይ ልጄ፣ ምነው አንተን ደግሞ ሰንጢ?" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። አገር ቤት ሰንጢ ኪሱ የተገኘበት ልጅ ስሙ ዱርዬ ነው። ብርቱካኑን ግን ተቀበሉኝ።

ጥቂት ሰንጢዎች አሉኝ፤ ላምብፉት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቅርጹ በቢላ ሥራ የታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ የሸፊልድ ነው። ስለቱ ከሥሩ እስከ ጫፉ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ወደ ጫፉ ቀስ እያለ ይወርድለታል። ለመውጋት አይመችም። ቴፕ ለመቅደድ፣ ገመድ ለመበጠስ፣ ልጣጭ ለማንሳት ግን የሚያህለው የለም። ቀጥ ያለ ስለት ድንጋይ ላይ ለመሳልም ግልግል ነው፤ ሙሉው እኩል ስለሚያርፍ እጅ ማዞር የለም። እጀታው የጎሽ ቀንድ ነው፣ ጥቁር፣ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ውስጡ ቡናማ መስመር ያለው። 60 ፓውንድ ገደማ ከፈልኩበት። በኢንተርኔት ነው የመጣልኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወረቀት ስቆርጥ ነው። ያለችግር ሲሄድ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይይዛል፤ ወረቀቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይቀደዋል። መብራት ሥር ስለቱን ወደ ላይ አድርጌ አየሁት። በደንብ የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። ዱልዱሙ ቦታ ግን ያብረቀርቃል። የእኔው ላይ፣ ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የማትሞላ ነጭ ነጥብ ታበራለች። ድንጋይ ላይ አወጣሁት፤ ጠፋች። በነጋታው እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች።

ቀጭን ማርከር ወስጄ የሞላውን የውስጥ ጎን ቀባሁት። ቀለሙ ሳይደርቅ ዘጋሁትና ከፈትኩት። ቀለሙ ስለቱ ላይ ታትሟል፣ ያው ነጥቧ ጋ።

ምክንያቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከስለቱ ሥር፣ እጀታው ጋ፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ሰንጢው ሲዘጋ ሞላው ላይ ማረፍ ያለባት እሷ ናት፤ ስለቱ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጉብታዋ በሞረድ አንዲት ፀጉር ያህል ከልክ በላይ ከተቆረጠች ስለቱ ወርዶ ብረት ይመታል። ብረት በብረት። ደግሞ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ሲዘጋ በጉልበት ነው የሚመታው። በተዘጋ ቁጥር ጉብታዋም ትበላለች፣ ስለቱም ይበልጥ ይወርዳል።

ለሻጩ ጻፍኩ። መልሱ ትሁት ነው። በእጅ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው፣ ቀስ አድርገው ይዝጉት፣ ነው ነገሩ።

ሰውዬውን በዓይነ ሥጋ አላውቃቸውም። በልቤ ግን ጋሼ እያልኩ ስንት ጊዜ ተከራክሬያቸዋለሁ። ጋሼ፣ ጠባይ ማለት ቀንዱ ላይ ያለው መስመር ነው። ጠባይ ማለት አንዱ ሰንጢ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ማለቱ ነው። ስለት የሚበላ ሰንጢ ጠባይ የለውም፣ ጉድለት ነው ያለው። "የፋብሪካ ዕቃ ነፍስ የለውም" ይሉ ይሆናል። ይሁና። የስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ይኸውም መቆለፊያ የለውም፣ ዋጋውም ከእርስዎ ሰንጢ ያንሳል። እንደፈለግኩ ቀጭ ባደርገው ስለቱ ሞላውን ነክቶ አያውቅም። ነፍስ ባይኖረውም ልክ አለው። በእጅ መሥራትንም እኔ አላጣሁትም። አገሬ ቀጥቃጭ ማጭድ ይሠራል። ማጭዱ ከታጠፈ ገበሬው በሚቀጥለው ገበያ ይዞለት ይመጣል፣ ቀጥቃጩም እሳት ውስጥ መልሶ ያቃናለታል። "የራሱ ጠባይ ነው፣ ቀስ ብለህ እጨድ" ያለ ቀጥቃጭ ደንበኛ አይቀርለትም።

ደግሞ ከሸፊልድ! የቢላ ሠሪዎቹ ማኅበር በ1624 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመው አንዱ ምክንያት የዕቃውን ጥራት ለመጠበቅ ነበር። አራት መቶ ዓመት የሞረዱትን ሰዎች ለአንዲት ጉብታ ማማት ይከብደኛል። ግን ማማቴ አልቀረም።

ስለቱ ካርቦን ብረት መሆኑንም ልጥቀስ። ብርቱካንና ሎሚ ሲነካው መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቆይቶ ግራጫ ይሆናል። ይህ ጥሩ ነው፣ ይጠብቀዋል። ቀዩ ዝገት ነው መጥፎው፤ ከቆረጣችሁ በኋላ መጥረግ ነው። የማይዝገውን ብረት በ1913 ያወጣው ሃሪ ብሪርሊ የዚያው የሸፊልድ ሰው መሆኑን ሳስብ ሳቄ ይመጣል። መጋጠሚያው ላይ የምግብ ዘይት አታድርጉ፤ ኑግም ሱፍም ከጊዜ በኋላ ይለጥፋል። የማዕድን ዘይት አንዲት ጠብታ ይበቃል። ቀንዱን ከማሞቂያ አጠገብ አታሳድሩት፣ ይጣመማል። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ወደ ነጥቧ ልመለስ። ውስጡ ቀጭን ቆዳ ለጥፍበት ያለኝ አለ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ካርቦን ብረት ላይ እርጥበት ማስቀመጥ ዝገት መጋበዝ ነው። ስለዚህ ሌላውን መንገድ ያዝኩ፤ መሳል። በሳልኩት ቁጥር ስለቱ ትንሽ ይጠባል። ሲጠብ ደግሞ ከሞላው ይርቃል። አሁን በጣት ይዤ ቀስ አድርጌ ከዘጋሁት ቀለሙ አይታተምም። በራሱ ጉልበት ከለቀቅኩት ግን አሁንም ያትማል። ማለትም ሠሪው በሁለት ደቂቃ ስለቱን ሞርዶ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ እኔ በምሽት በምሽት፣ ያለ ደመወዝ፣ ከከፈልኩበት ብረት ላይ እየቀነስኩ እየጨረስኩለት ነው። ያቺ የምወዳት ቀጭ ደግሞ በመዝጊያው በኩል ተከልክላለች። በዚህ ሲያናድደኝ ለሰው ልሰጠው እነሳለሁ። ከዚያ ማንጎ ይቀርባል። ያ ቀጥ ያለ ስለት ልጣጩን ሥጋውን ሳይነካ ሲያነሳው እንደገና ኪሴ ይገባል።

እንደዚህ ሳላየው በኢንተርኔት ደግሜ እገዛለሁ? በፍጹም። ላምብፉት ግን እገዛለሁ፤ እንዲያውም እንጨት እጀታ ያለውን እያየሁ ነው። ይህን አድርጌ ነው የምገዛው፦ ሱቅ ድረስ እሄዳለሁ። እንደ ሲጋራ ወረቀት ስስ የሆነ ቁራጭ እጀታው ውስጥ፣ ሞላው ላይ አነጥፋለሁ። ሰንጢውን በራሱ ጉልበት እንዲዘጋ እለቀዋለሁ። ከፍቼ ወረቀቱን አወጣለሁ። ከተቆረጠ ወይም መስመር ከያዘ ሌላ አምጡልኝ እላለሁ። ሻጩ ፊቱን ካጨማደደ አመስግኜ እወጣለሁ።