ጠባሴ ያለው የቪዛ ፎርም መሙያ ቤት፦ እናቴን ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ያበቃት አገልግሎት

ደብረ ብርሃን ሆኖ የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ለማመልከት ያሰበ ሰው፣ በተለይ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ወይም አባት ያሉት፣ ጠባሴ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችውን ትንሽ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት ቤት ሳያይ አዲስ አበባ ድረስ ደላላ ፍለጋ እንዳይሄድ እመክራለሁ። ይህን የምለው እናቴ ቪዛ ስላገኘች አይደለም። ከዚያው ቤት ፎርም ያስሞሉ ጎረቤታችን ተከልክለዋል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ ቤቱን አይወቅሱም። የምመክረው የተሞላው ሁሉ እውነት ስለሆነና አመልካቹ ስለ ራሱ የተጻፈውን አንድ በአንድ ዐውቆ ስለሚወጣ ነው።

እኅቴ የምትኖረው ዴንቨር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መሆኑን ስትነግረን እናቴ አራስ ልጇን ልትጠይቅ ተነሣች። በዘመድ ጥቆማ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ፎርሙን ጀመረልን። ሰውየው እናቴን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ የፓስፖርቷን ቅጂ ብቻ ይዞ «ነጋዴ» ብሎ ሞላት። አሜሪካ የቅርብ ዘመድ አላት ወይ ለሚለው «የለም» ብሎ መለሰላት፤ ልጅ እንዳላት ካወቁ አይሰጧትም ባይ ነው። የባንክ ሒሳብ መግለጫም «እናዘጋጃለን» አለን። ለሁሉም የጠራው ዋጋ 15 ሺህ ብር ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «የወለድኳትን ልጅ አልወለድኳትም ልበል?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

ተነሥታ መሄዷ ከብዙ ጣጣ አድኖናል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ በሐሰት መረጃ ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ፎርሙ በአመልካቹ ስም የሚፈረም በመሆኑ «የሞላው ደላላው ነው» የሚል ምክንያት በኤምባሲው የቃለ መጠይቅ መስኮት ላይ አይሠራም። ስንቱ አዛውንት የማያውቀው ውሸት በስሙ ተጽፎ እንደሚቀርብ ሳስብ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ጠባሴ የገጠመን ሌላ ነው። ፎርሙን የምትሞላው ወጣት ዲኤስ-160 የሚባለውን የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ከፈተችና ኮምፒውተሩን ወደ እናቴ አዞረችው። «እማማ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ እንጂ የሚመልሱት እርስዎ ነዎት» አለቻት። ከዚያም ከትውልድ ዘመን ጀመሩ። እናቴ የተወለደችው በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ያ ጉዳይ አስፈጻሚ በደፈናው 7 ዓመት ደምሮ 1957 ብሎት ነበር። ልጅቷ ከታኅሣሥ ማገባደጃ እስከ ጳጉሜን ድረስ ያለው ልዩነት 8 ዓመት መሆኑን አስረዳችን፤ ጥር 12 ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 1958 ነው። ፓስፖርቱን ገልጣ አመሳከረች፤ ልክ ነው። ስሟንም እንዲሁ ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር እያስተያየች ጻፈችው።

ሥራ ለሚለው እናቴ «አራሽ ነኝ፤ አንጎለላ መሬት አለኝ፣ በጎች አሉኝ፣ ሱፍም እፈትላለሁ» አለች። እንዳለችው ተጻፈ። ስንት ጊዜ ይቆያሉ ሲባል «ልጄ እስክትጠነክር» ብላ መለሰች። «ፎርሙ ቁጥር ይፈልጋል እማማ፤ መቼ ይመለሳሉ?» እናቴ ጥቂት አሰበች። የምትወለደው ሴት ናት፣ ክርስትናዋ በ80 ቀን ነው፣ ገብሱ ደግሞ ሳይታጨድ መመለስ አለባት። ሦስት ወር ሆነ። ያን ቁጥር ማንም አላስጠናትም፤ የራሷ ስለሆነ በኋላ ስትጠየቅ ከአፏ አልጠፋም።

መካከል ላይ መብራት ጠፋ። ፎርሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነካ ከቆየ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠም ይጠፋል። ልጅቷ ግን ገና ስትጀምር በኤኤ የሚጀምረውን የማመልከቻ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጥታን፣ እያንዳንዱን ገጽ እያስቀመጠች ነበር። ፎርሙን መልሶ ለመክፈት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የእናቷ እናት ስም ነው። እናቴ የአያቷን ስም ስትጠራ ፊቷ በራ፤ ያቺን ሴት ያነሣልኝ ሰው ከሞተች ወዲህ የለም አለች።

የደኅንነት ጥያቄዎቹ ላይ ስንደርስ ነገሩ ከበደ። ታስረው ያውቃሉ? ተላላፊ በሽታ አለብዎት? በሽብር ተሳትፈዋል? እናቴ ተቆጥታ «እኔን ነው?» አለች። ልጅቷ ጥያቄው ለጳጳስም ለሚኒስትርም እንደሚቀርብ በትዕግሥት ነገረቻትና አንዱንም ሳትዘል አነበበችላት። መጨረሻ ላይ ማን ረዳዎት ለሚለው የራሷን ስም ሞላች። የፊርማውን ቁልፍ ግን ራሷ አልተጫነችም። የእናቴን እጅ ማውሱ ላይ አስቀምጣ «ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው» አለቻት። እናቴ በፈትል የጠነከረውን ጣቷን ጫን አደረገችው።

የቤቱ ጉድለት ሳይነገር አይታለፍም። መጋረጃ እንኳን የለም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጀርባህ ቆሞ ገቢህን፣ ሕመምህን፣ ታስረህ እንደሆነና እንዳልሆነ ይሰማል። እናቴ የሚደበቅ ነገር ስለሌላት አለፈች፤ ያለበት ሰው ግን እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል። ማተሚያቸውም ቀለሙ ደካማ ነው። የማረጋገጫው ገጽ ባርኮድ ደብዝዞ ስለወጣ እንደገና አሳትመናል። ፎቶ አያነሡም፤ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከጀርባው ነጭ፣ ያለ መነጽር፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሣ ፎቶ ይዞ መሄድ ነው። ለፎርሙ የከፈልነው 600 ብር ነው። ለኤምባሲው የሚከፈለው 185 ዶላር ግን ቪዛው ተሰጠም ተከለከለም እንደማይመለስ አስቀድመው በግልጽ ይነግራሉ፤ ይህን የሚደብቅ ስንት አለ!

ለቃለ መጠይቁ ዋዜማውን ወርደን ዘመድ ቤት አደርን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቀጠሮ ጋር ግን መንገድ አይታመንም። ኤምባሲው ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይቻል ስልኳን ተቀብያት ውጭ ቀረሁ። የውስጡን የነገረችኝ እርሷ ናት፦ ፍተሻ፣ የጣት አሻራ፣ ወንበር ላይ ጥበቃ፣ ከዚያ መስታወት ያለው መስኮት። የቆንስላው ባለሥልጣን በአስተርጓሚ ጠየቋት። ማን ጋ ነው የሚሄዱት? ልጅዎ ምን ትሠራለች? እርስዎ ሲሄዱ ከብቱንና መሬቱን ማን ይጠብቃል? መቼ ይመለሳሉ? «የልጇን ክርስትና አይቼ ለአጨዳ እደርሳለሁ» አለች። የመሬት ይዞታ ደብተሯን ከነፌስታሉ አቅፋ ነበር፤ አውጪው ያላት የለም። ደቂቃዎች ብቻ ነው የፈጀው፤ ፓስፖርቷን አስቀሩትና ወጣች።

ጎረቤታችን የተከለከሉት 214 ቢ በሚባለው አንቀጽ ነው። በሕጉ መሠረት የጉብኝት ቪዛ ጠያቂ የሚመልሰው ጉዳይ አገሩ እንዳለው ካላሳመነ በስተቀር ለመቅረት እንደሚሄድ ይቆጠራል። ይህ እንደ ሐሰት መረጃ የሚያሳግድ አይደለም፤ ሁኔታቸው ሲለወጥ እንደገና ማመልከት ይችላሉ። ፎርማቸው ላይ ውሸት ስለሌለ ደግሞ የሚፈሩት ነገር የለም፤ የሚያስሞሉትም እዚያው ቤት እንደሆነ ነግረውኛል።

ለቤቱ ባለቤት አንድ ልመና አለኝ፦ ኮምፒውተሩን ወደ ጥግ አዙረው፣ በወረፋውና በወንበሩ መካከል አንድ መጋረጃ ይስቀሉ። ለሚሄዱት ደግሞ፦ የገበያ ቀን አትሂዱ፤ ፓስፖርቱን በቅጂ ሳይሆን በዋናው ያዙ፤ አመልካቹንም ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጅቷ ሰውየው ካልመጣ ፎርም አትጀምርም።