ፍራንኮ አካባቢ ላሉት ፋርማሲስት ምስጋናዬ ይድረስ

አዳማ ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ለምትጠይቁኝ ነው ይሄን የምጽፈው። ፍራንኮ አካባቢ በአንዲት ትንሽ ፋርማሲ የሚሠሩ ፋርማሲስት አሉ። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ውለታቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤዲኤችዲ አለብኝ፤ ትኩረት መሰብሰብና ራስን መግታት የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ ነው። የታወቀልኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሜ ለሱ ያዘዘችልኝን ሜቲልፌኒዴት የሚባል ኪኒን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ክብደቴም ጨምሯል። አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅም እንደኔው ናት። እሷ በሐኪም ትእዛዝ ዌጎቪ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ መርፌ ትወጋለች። ኪሎዋ ቀነሰ። ከዚያ በላይ ደግሞ "ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ ረጭ አለ፤ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ" ስትለኝ ጆሮዬ ቆመ። ለኔም በመንገደኛ ላከችልኝ። የመጣው ግን የሷ ዓይነት አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጥ፣ ነጭ ዱቄት ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ነው።

ይዤው ጋሼ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ባንኮኒው ላይ ካለው መብራት ሥር አገላበጡት። ሴማግሉታይድ ይላል፤ በዌጎቪና ለስኳር በሚታዘዘው ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። 5 ሚሊ ግራም ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል "ለምርምር ብቻ" ይላል። የአምራች ስም የለም። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የለም።

"ልጄ፣ ኦዜምፒክም ዌጎቪም በዱቄት ተበጥብጦ የሚወጋ ነገር የላቸውም። መርፌው ፋብሪካ ሞልቶ ባሸገው፣ እስክሪብቶ በሚመስል ፔን ነው የሚመጣው፤ ፈሳሹም ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ነው። እዚህ ውስጥ ያለውን እኔም አንቺም አናውቅም" አሉኝ። ትክክለኛው እንኳ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቁንም የሰማሁት ከሳቸው ነው። ሐሰተኛው የተገኘው ብራዚል፣ እንግሊዝና አሜሪካ ነበር።

ስሪንጅ ሸጠውልኝ ቢሸኙኝ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ሳቡልኝ። በመሀል ለሕፃን ሽሮፕ ልትገዛ የገባች እናት አስተናገዱና ተመልሰው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"የአክስትሽ ልጅ ያለችው ከንቱ ነገር አይደለም" ብለው ነው የጀመሩት። ይሄ ነው ልቤን የነካው፤ አላጣጣሉኝም። ስንበላ አንጀታችን ጂኤልፒ ዋን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። መድኃኒቱ እሱን መስሎ ይሠራል። ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል፣ ለአንጎልም ጠግቤአለሁ የሚል መልእክት ያደርሳል። የሆርሞኑ መቀበያዎች አንጎል ውስጥ ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዙ ቦታዎች ላይም አሉ። እነዚያ ቦታዎች ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ሰፈር ናቸው። የኤዲኤችዲ መድኃኒቶችም በብዛት የሚሠሩት በዶፓሚንና ኖርኢፒኔፍሪን በሚባል ሌላ መሰል ኬሚካል ላይ ነው። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሊስዴክስአምፌታሚን እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ራስን መቆጣጠር ለሚያሳጣ የአበላል ችግር መፈቀዱንም ነገሩኝ። ስለዚህ የአበላልና የትኩረት ነገር ዝምድና አላቸው።

ከዚያ ደግሞ ሌላውን ወገን አስረዱኝ። ሴማግሉታይድ በዋናነት የተፈቀደው ለስኳርና ለውፍረት ነው፤ ለኤዲኤችዲ አልተፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ትልቅ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱ ተሳታፊዎች በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሰዋል። ያ የተመዘነው ኪሎ ነው፤ ትኩረት አልተለካም። አንድ ሰው ክብደቱ ቀንሶ እንቅልፉ ሲስተካከል ትኩረቱም ሊሻሻል ይችላል። ሌላው ደግሞ ምግብ እየቀረበት ይደክምና ትኩረቱ ይብሱን ይበተናል። የኔ ኪኒንም ሴማግሉታይድም፣ ሁለቱም የምግብ ፍላጎት ይቀንሳሉ፣ ሁለቱም የልብ ምት ይጨምራሉ። ይሄን ሲሉኝ ግፊቴንና የልብ ምቴን እዚያው ለኩኝ።

በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር አለ? ቆሽትሽን ታመሽ ታውቂያለሽ? የሐሞት ጠጠርስ? ልጅ ለመውለድ አስበሻል? እኔ ያላሰብኩትን ሁሉ ጠየቁኝ። ቀጥለው "ፆም ትፆሚያለሽ?" አሉኝ። እፆማለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። "በማይፆምበት ቀንስ ምሳ ትበያለሽ?" አይርበኝም አልኳቸው። "ማታስ?" ማታማ ያገኘሁትን ነው፣ ቤት ከገባሁ እስከምተኛ አፌ አያርፍም።

ዝም ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ክብደቱ የሚመጣው ከዚህ እንዳይሆን" አሉ። ኪኒኑ ቀን ቀን የምግብ ፍላጎቴን ይዘጋዋል። ወደ ማታ ኃይሉ ሲያልቅ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተሰማኝ ረሃብ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ራሴን መግዛት የሚከብደኝም በዚያው ሰዓት ነው። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ በስንፍና ሲተረጉሙብኝ ኖረዋል! አንድ ሰው ተረጋግቶ መቼ እንደምበላ ስለጠየቀኝ ምክንያቱ ተገኘ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄን ለሐኪምሽ ንገሪያት" ብለው የመድኃኒት መስጫ ወረቀት ከረጢት ገልብጠው ጥያቄዎቹን በእጃቸው ጻፉልኝ። ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ስለ ቁርስ፣ ስለ ፆም፣ ስኳር ስለመመርመር። ከረጢቱን ይዤ ስሄድ ሐኪሜም ግምታቸው ልክ ነው አለችኝ። አሁን ቁርስ ሳልበላ ኪኒን አልወስድም። ምሳ ሰዓት ስልኬ ይጮኻል፤ ባይርበኝም እበላለሁ። የመድኃኒቴንም ነገር አስተካከለችልኝ። ስኳሬን ተመረመርኩ፣ ደህና ነኝ። የማታው መብላት ጋብ ብሏል። ክብደቴ ቀስ እያለ እየወረደ ነው። ወደፊት ሐኪም መርፌው ያስፈልግሻል ካለኝ ደስ እያለኝ እወስዳለሁ፤ ብዙ ሰው የጠቀመ መድኃኒት ነው። በፔኑ፣ በትእዛዝ፣ በክትትል።

ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥለው ነግረውኝ በአግባቡ እንዲወገድ እሳቸው ጋ ተውኩት። ለድካማቸው ልክፈል ስል ተቆጡኝ። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚቀንስ ያኔ ብትሄዱ ይሻላል። አጠራጣሪ መድኃኒት የገጠማችሁ ደግሞ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 መደወል ትችላላችሁ። ወደሳቸው ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።