የዋርፕ ድራይቭ ባለ 3 ብሌድ ፕሮፔለር በሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ላይ፦ ምን ያሻሽላል?

ቋሚ ፒች (የብሌዱ የማዘንበል ማዕዘን) ያለውን የእንጨት ፕሮፔለር አውርዶ መሬት ላይ ፒቹ በሚስተካከል የካርቦን ፕሮፔለር መተካት፣ በቤት የተሠራ ቀላል አውሮፕላን ላይ በአጭር ጊዜ ልዩነቱ ከሚታይ ማሻሻያ አንዱ ነው። የዋርፕ ድራይቭ ብሌዶች ሆዳቸው ባዶ ወይም ፎም ሳይሆን ድፍን ካርቦን ፋይበር ናቸው፤ ብሌዶቹ የሚታሰሩበት ማዕከል፣ ሃቡ፣ አሉሚኒየም ነው። ጥንካሬው የማያጠያይቅ ነው። ጥያቄው ያለው ገጠማው ላይ ነው።

ፕሮፔለሩ ራሱ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይጨምርም። የሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ሞተር 100 ፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 5,800 ዙር ላይ ነው፤ እዚያ መቆየት የሚችለውም ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው። ያለማቋረጥ የሚፈቀደው ከፍተኛው ዙር 5,500 ነው። ፒቹ የበዛ ፕሮፔለር ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩን 4,900 ላይ አንቆ ከያዘው፣ ቀሪው ጉልበት ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። ከዚህም ይብሳል፦ ስሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ ዙሩ ከ5,200 በታች ሲሆን በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊትና ሙቀት ስለሚያይል ሞተሩ ይጎዳል። የዚህ ፕሮፔለር ዋጋ ይህን ማስተካከል መቻሉ ነው።

ፒች ከመንካት በፊት ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል መሳባቸውና የዙር መለኪያው እውነት መናገሩ ይረጋገጥ። የማርሹ ቅነሳ 2.43 ስለሆነ (ሞተሩ 2.43 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል)፣ በብርሃን የሚሠራ መለኪያ ፕሮፔለሩ ላይ 2,263 ገደማ ካነበበ ሞተሩ 5,500 ላይ ነው ማለት ነው። መለኪያው ለ3 ብሌድ መሞላቱን ማየት አይረሳ፤ ለ2 ከተሞላ ንባቡ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ ኢግኒሽኑ ተዘግቶ ቁልፉ ይወጣል፣ ጎማዎቹ ይታገዳሉ። እያንዳንዱ ብሌድ በተራ አግድም ይቀመጥና ማዕዘኑ ከጫፉ በኩል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነጥብ ላይ ይለካል። በብሌዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ብሌዱ በሃቡ ውስጥ በትንሹ ይዞራል። ስለዚህ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ቀስ በቀስ፣ በቶርክ ሬንች አጥብቆ እንደገና መለካት ግድ ነው። ያልተስተካከለ ብሌድ የሚያመጣው ንዝረት የሞተር ብልሽት ስለሚመስል ካርቡራተር ፈትቶ መግጠም ይጀመራል፤ ነገሩ ግን ፊት ለፊት ነበር። በዚህ በኩል ፒቹን በፒን የሚወስነው የሌላው ፕሮፔለር አምራች፣ የሴንሰኒክ፣ ሃብ ሥራው በጣም ይቀላል።

ዒላማው ቀላል ነው፦ በሙሉ ስሮትል፣ ከፍታ ሳይቀየር ሲበር ከ5,500 እስከ 5,800። አጭር ማኮብኮቢያ ለሚጠቀም ወደ 5,800 ማስጠጋት፣ ረጅም መንገድ ለሚበር ወደ 5,500 ማውረድ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ይህን አይግዛ፤ የሚፈልገው በበረራ ላይ ፒቹ የሚቀየር ነው፣ ከነውስብስብነቱና ከነክብደቱ። ቅንብሩ አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታና ሙቀት ይሠራ። በግማሽ ዲግሪ መቀየር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲዘለል ትክክለኛው ነጥብ ይታለፋል።

ዋናው ድክመት ክብደቱ ወደ ጫፍ የተዘረጋ መሆኑ ነው። ሮታክስ ለ912 የሚፈቅደው የፕሮፔለር ኢነርሺያ (የዙር ለውጥን የመቃወም መጠን) እስከ 6,000 ኪሎግራም ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ድፍን ብሌድ ዲያሜትሩ ሲረዝም ወደዚህ ጣሪያ በፍጥነት ይጠጋል። ጫፉ የቀጠነው ዓይነት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሚኒሞው (ስሮትሉ ተዘግቶ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ከ1,400 በታች ከሆነ ማርሹ ይንኳኳል፤ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ የሚሰማው መንገጫገጭም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው በረራ በኋላ የቡሎኖቹ ጥብቀት እንደገና ይፈተሽ፣ በእያንዳንዱ ላይም የቀለም መስመር ይሰመር፤ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ተንቀሳቅሷል። አፍንጫ ላይ ክብደት ስለተቀየረ አውሮፕላኑ እንደገና ይመዘን፣ የስበት ማዕከሉም ይሰላ። ጠጠር ካለበት ሜዳ የሚነሳ ወይም ዝናብ ውስጥ የሚበር ሰው የፊት ጠርዙ ኒኬል የለበሰውን ቢያዝ ይሻላል፤ እርቃኑን ያለ ካርቦን ጠርዝ በጠጠር ቶሎ ይበላል።